የሰሜኑ ግድግዳ ትንፋሽ

ሰላም በታወጀ በሁለተኛው ዓመት፤ የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ መንገዱ አቧራ ማስነሣት በጀመረበት ወራት፤ ከከተማው በላይ በኮረብታው ራስ ላይ የቆመው የጥንቱ ገዳም ቤተ ክርስቲያን አንድ ያልተለመደ ነገር አሳየ። ጣሪያው ተከድኗል፤ መድፍ የነደለው ጉልላት በአዲስ ድንጋይ ተሞልቷል፤ አሸንዳው ተጠርጎ ውሃው ወደ ገደሉ እንዲወርድ ተደርጓል፤ ሰማዩም ጠርቶ ለመድኃኒት እንኳ ደመና አይታይበትም። የሰሜኑ ግድግዳ ግን ይረጥብ ነበር። በዝናቡ ወራት ከጉልበት ያላለፈው እርጥበት ፀሐይ ስትወጣ ወገብ ደረሰ፤ ከወገብ ወደ ደረት ወጣ፤ ከደረትም አልፎ የጥንት ሰዓልያን ወደ ሣሏቸው ቅዱሳን እግር ተጠጋ።

ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አነባብሮ የማያውቅ ነው። ጫፉ ኩሬ የነካ ጨርቅ እስከ ላይ እንደሚርስ ሁሉ መሠረቱ ውሃ ያገኘ ግድግዳም ይጠጣል፤ ጠጥቶም አርፎ አይቀመጥም፤ ጨው ያወጣል፤ ልስኑን ያሳብጣል፤ ቀለሙን እንደ ቁስል ቅርፊት ያረግፋል። አንድ ጠዋት የአንዱ ሰማዕት የቀኝ እግር ከነጫማው ወለሉ ላይ ተራግፎ ተገኘ፤ በማግሥቱ የፈረሱ ኮቴ ተከተለ።

የከተማው ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ግንበኛ አላሰበም። ግድግዳው ያለቅሳል አለ። ወሬውም ከገበያ ወደ ወፍጮ ቤት፤ ከወፍጮ ቤት ወደየጓዳው ሲዞር ውሎ፤ በሳምንቱ ሴቶች መሐረባቸውን ይዘው ኮረብታውን መውጣት ጀመሩ፤ የረጠበውን ድንጋይ እየጠረጉም ፊታቸውን ያብሱ ነበር። ከሁሉ የሚቀድሙት ልጆቻቸው በጦርነቱ ጠፍተው የቀሩባቸው እናቶች ነበሩ።

የእድሳቱ ሥራ አለቃ ረጅም፤ ቀጥ ያለ፤ ሲሄድም ሲቆምም ጎንበስ የማይል ሰው ነበር፤ ያየውን አጣሞ መናገርም አያውቅበትም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቱምቢ ይለው ነበር፤ ግንበኛ የግድግዳን ቀጥ ማለት በሚለካበት፤ በገመድ ጫፍ በሚንጠለጠለው ብረት ስም መሆኑ ነው። በጦርነቱ ዘመን በመሐንዲስ ጦር ውስጥ አሥር አለቃ ሆኖ ድልድይ ሲሠራና ድልድይ ሲያፈርስ ከርሞ፤ ሰላም በወረደ ጊዜ ወደ አባቱ ሙያ ተመለሰ። ያን ጊዜ ከቤቱ ያገኛቸው እናቱንና ታላቅ ወንድሙን ብቻ ነበር። ሚጣ እያሉ የሚጠሯት ታናሽ እህቱ አልነበረችም።

የሚጣን ነገር ከተማው ሁሉ እንዲህ ብሎ ያወራው ነበር፦ የጠላት ጦር በከተማው በር በታየባት ዕለት የገዳሙ አበምኔት፤ ሚጣን ጨምሮ ወጣት ሴቶችንና ሕፃናትን የያዙ እናቶችን ሰብስበው በቤተ ክርስቲያኑ ሰሜናዊ ክፍል ሥር ባለው ምድር ቤት ደበቋቸው፤ እስከ ማግሥቱ ድምፃችንን ካልሰማችሁ በአሮጌው የውሃ መውረጃ በኩል ወደ ወንዙ ውጡ አሏቸው። በዚያው ዕለት መድፉ ጉልላቱን ነደለው፤ ፍርስራሹም በምድር ቤቱ በር ላይ ተከመረ፤ አበምኔቱም ተይዘው ወደ እስር ቤት ተጋዙ። በማግሥቱ አንድ እረኛ ወንዙን የተሻገሩ ሴቶች አየሁ አለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ታላቅ ወንድምየው፤ በጦርነቱ ዘመን የገዳሙ ግንበኛ የነበረው እሱ፤ ከሁሉ ቀድሞ ፍርስራሹን ጠረገ፤ የወለሉንም ድንጋይ መልሶ አነጠፈ፤ ለጠየቀውም ሁሉ፦

«ከፍቼ አይቻለሁ፤ ማንም የለም። ወጥተዋል» አለ።

እናቶቹም አመኑት። ወንዙን የተሻገረ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ይመለሳል፤ ስለዚህ ይጠብቁ ነበር።

ቱምቢ አንድ ቀን ከርብራቡ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት እናቱን ከሴቶቹ መካከል አያት። የመሐረቧን ጫፍ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ አሳርፋ እስኪርስ ጠበቀች፤ ከዚያም ዓይኗን፤ ግንባሯን፤ ከንፈሯን አበሰችበት። ወርዶ አጠገቧ ቆመ።

«እማዬ፣ ውሃ እኮ ነው።»

«ውሃ መሆኑን መች አጣሁት? እንባስ ውሃ አይደለም?»

«ከመሠረቱ የሚመጣ ውሃ ነው። ጨው አለበት፤ ዓይንሽን ይጎዳሻል።»

«ዓይኔን ለምን እፈልገዋለሁ፣ ልጄ? እሷን እስካይ ድረስ ነው» አለችና መሐረቧን አጥፋ በደረቷ ሸጎጠች።

ታላቅ ወንድሙ ከማዶ ሆኖ ኖራ ያቦካ ነበር። እናቱ «እሷን» ስትል አካፋውን ጥሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ቱምቢ ይህን አየ፤ ነገር ግን ወንድሙ ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ነበርና ልብ አላለውም።

በዚያው ሳምንት የአገረ ገዢው መልእክተኛ የሆነ አንድ ሻለቃ በፈረስ ወጣ። ከኋላው በቅሎዎች ሲሚንቶ ጭነው ይከተሉት ነበር። ከፈረሱ ሳይወርድ በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተና፦

«አለቃ፣ ይሄ ግድግዳ መቼ ነው የሚደርቀው?» አለ።

«ከምን እንደሚጠጣ ሳላውቅ መቼ እንደሚደርቅ ልነግርዎት አልችልም፣ ጌታዬ።»

«እኔ የመጣሁት ግድግዳ ስለሚጠጣው ነገር ልማር አይደለም። በሰላሙ መታሰቢያ ቀን ገዢው ሕዝቡን ይዘው እዚህ ይቆማሉ። ከጀርባቸው የሚያለቅስ ግድግዳ እንዲኖር አይፈልጉም፤ ሕዝቡ ለቅሶ ጠግቧል። ሲሚንቶው ይኸው፤ ለስኑትና ይለቅ!»

ቱምቢ አፉን ከመክፈቱ በፊት ታላቅ ወንድሙ ከኋላ ብቅ አለ።

«እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ። ሲሚንቶ ነው መድኃኒቱ። ከታች እስከ ላይ ድፍን አድርጎ መለሰን ነው። ዛሬ ጀምሩ ቢሉን ዛሬ እንጀምራለን።»

ቱምቢ ዞሮ ወንድሙን አየው። ሲሚንቶ ለድልድይ እንጂ ለመቅደስ አይሆንም፤ የድሮ ድንጋይ ከሲሚንቶ ጋር አይዛመድም እያለ ያስተማረው ይኸው ሰው ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ?» አለው ቀስ ብሎ፤ ወደ ሻለቃውም ተመልሶ፦ «ጌታዬ፣ ብንደፍነው እርጥበቱ አይጠፋም። መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉልላቱ የተሸከመበት ቅስት ድረስ። ቅስቱ አንዴ በመድፍ ተመቷል። ገዢውና ሕዝቡ ከሥሩ ቆመው ሳለ ቢወርድ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፤ እርስዎም ከኔ ጎን ነዎት» አለ።

ሻለቃው ቀና ብሎ ጉልላቱን አየ። ፈረሱም እንደ ጌታው አልተመቸውም መሰለኝ፤ ወደ ኋላ አለ። «እስከ እሁድ» ብሎ ልጓሙን ሳበ፤ ሲሚንቶው ግን በደጁ ተራገፈ።

በዚያ ዘመን የነበሩ ግንበኞች የድንጋይ ቤት ሲሠሩ በግድግዳው ሥር፤ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርገው፤ ክንድ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይተዉ ነበር፤ ከወለል በታች ያለው አየር እንዲመላለስና መሠረቱ እንዳይበሰብስ። ይህንንም ቀዳዳ ትንፋሽ ይሉታል። አንድ ግንበኛ ሌላውን «ትንፋሹን አስተውል» ቢለው ስለ ሰው እስትንፋስ ማውራቱ አይደለም፤ እንደ ሰው የሚቆጥሩት ግድግዳውን ነበርና። ቱምቢ በደቡቡ ግድግዳ ሥር ሣሩን ገለጥ አድርጎ ትንፋሾቹን አገኛቸው፤ እጁን ሲያስገባ ደረቅ ነፋስ ነካው። ደቡቡም ደረቅ ነበር። በሰሜኑ በኩል ግን ሥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢዳስስ ልሙጥ ልስን ብቻ ሆነበት።

«ጋሼ፣ የሰሜኑ ትንፋሽ የት ነው ያለው?»

«በሰሜን በኩል ትንፋሽ የለውም።»

«ምድር ቤት ያለው በሰሜን በኩል ነው። ምድር ቤት ለሌለው ትንፋሽ ሰጥተው ምድር ቤት ላለው ይነሣሉ?»

«የድሮ ሰዎች ሥራ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አንተ እኮ እዚሁ ነው የኖርከው።»

«የለም አልኩህ፣ የለም! ጣሪያውን እይ፣ አሸንዳውን እይ። ነገር ከታች አትፈልግ» አለና መዶሻውን ከወንድሙ እጅ ወስዶ፤ ወዲያው ደግሞ ራሱ እንደተቆጣ ታወቀውና መለሰለት። 

ፈሪ ሰው ሲዋሽ ብዙ ይናገራል፤ የከፋ ነገር የሠራ ሰው ግን አንዲት ቃል ብቻ ይይዛል። ቱምቢ ቀኑን ሙሉ ያችን «የለም» ሲያመላልሳት ዋለ። እንደ ፈራም ለራሱ አልነገረም፤ ምክንያቱም የሚፈራውን ነገር ለይቶ ካወቀው መተው እንደማይችል ያውቃል።

በማግሥቱ ሠራተኛው ሳይመጣ፤ ፀሐይ ገና በጠዋቱ የግድግዳውን ራስ ስትነካ፤ መሮና መዶሻ ይዞ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ተንበረከከ። በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ ሄደ። ድንጋዩ ሁሉ ሙሉ ድምፅ ሲሰጥ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሌላ ድምፅ ሰጠ። መሮውን አሳርፎ ልስኑን ጫፍ ጫፉን ፈለፈለ፤ ቁራጩም ሳይሰበር በመዳፉ ላይ ወደቀ። ገልብጦ ጠርዙን አየና እንዳለ ቀረ።

በጠርዙ ዙሪያ ጥልቀቱ እኩል የሆነ የአውራ ጣት ፈር ነበር። አባታቸው ልስን ሲጨርስ በግንበኛ ማንኪያ አይዘጋም፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዞር ነበር፤ ኖራ ብረት አይወድም፤ ሥጋ ይወዳል እያለ። ይህንንም ለሁለት ልጆቹ ብቻ አስተማረ። አንደኛው አሁን ተንበርክኮ ቁራጩን ይዟል፤ በጦርነቱም ጊዜ ከዚህ ብዙ ቀን በሚያስኬድ ሩቅ አገር ድልድይ ላይ ነበር።

የእግር ኮቴ ሰምቶ ቀና ሲል ታላቅ ወንድሙ ከበላዩ ቆሟል። 

«ያንተ እጅ ነው» አለ ቱምቢ።

«የኔ ነው።»

«ከፍቼ አይቻለሁ ብለህ ነበር።»

ታላቅዬው መሬቱ ላይ ተቀመጠ። «አልከፈትኩም» አለ። «ፍርስራሹን ጠረግኩ፤ ከበሩ ድንጋይ ደረስኩ፤ እጄን አሳረፍኩበት። ማንሣት አልቻልኩም። ካላየሁ ወጥተዋል ማለት ነው ብዬ... እረኛውም አየሁ ብሏል። እኔም ወጥተዋል አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ ልመልሰው?»

«ለምን ደፈንከው፣ ጋሼ? ለምን?»

«አባታችን አበምኔቱ አዘዙኝ። ወታደሮቹ በመንገዱ ሲወጡ ይታያሉ። ትንፋሾቹ ወደ መንገዱ ነው የሚያዩት። አባታችን ከላይ ሆነው ጮኹብኝ፤ ‹ከታች ትንፋሽ እንዳይወጣ አድርግ!› አሉኝ። ድንጋይ ጠቀጠቅኩ፤ ለሰንኩ፤ በላዩም አፈር ነሰነስኩ። የመጨረሻውን ስደፍን ሚጣ ከውስጥ፦ ‹ጋሼ፣ አንተ ነህ?› አለች። ‹እኔ ነኝ፤ ዝም በይ፤ አሁን እመለሳለሁ› አልኳት። ገና እጄን ሳልታጠብ ያዙኝ። ሰላም እስኪሆን ድረስ ጥይት ተሸካሚ አደረጉኝ።»

ቱምቢ መሮውን አንሥቶ ወንድሙ የጠቀጠቀውን ድንጋይ ነቀነቀ፤ ነቀነቀና ወደ ራሱ ሳበው። ከቀዳዳውም ቀዝቃዛና ከባድ አየር ወጣ። ፋኖስ አብርቶ ክንዱን ከነፋኖሱ አሾለከ፤ ጉንጩንም ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ተመለከተ።

የውሃ መውረጃው በመድፉ ተደርምሶ ኖሯል፤ ከኮረብታው የሚሰርገው ውሃ ሁሉ መውጫ አጥቶ በምድር ቤቱ ተኝቷል፤ ግድግዳውም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይህን ሲጠጣ ከርሟል። ሰዎቹም ነበሩ። ምድር ቤቱ ሰፊ ነው፤ ማዕዘኑ ብዙ ነው፤ በሩም በሌላው ወገን ነው፤ ነገር ግን አንድም ሰው በሌላው ወገን አልተገኘም። ሁሉም በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፤ በተደፈኑት ትንፋሾች ትይዩ፤ ትልቁ ትንሹን እንዳቀፈ ነበሩ። ቱምቢ ፋኖሱን አወጣ። እናቱ በዚህ ውሃ ፊቷን ስትታበስ መክረሟን አሰበና ድንጋዩ ያረጠበውን ጉንጩን በእጅጌው ጠረገ።

በሰላሙ ከእስር ወጥተው ወደ ገዳሙ የተመለሱት አበምኔት፤ ጀርባቸው በእስር ቤት የጎበጠ፤ ዓይናቸውም የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተከታትለው ሲገቡ ገና ከፊታቸው ነገሩን አነበቡት፤ የሆነውንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ ታላቁ ዞረው፦

«እኔ ድፈን አልኩህ፣ ልጄ?» አሉ።

«‹ትንፋሽ እንዳይወጣ አድርግ› አሉኝ እንጂ።»

«እሱን ብያለሁ። ውረድና ዝም አሰኛቸው ማለቴ ነበር። ሕፃን እንዳያለቅስ፤ ሰው እንዳያስል፤ ትንፍሽ እንዳይሉ ማለቴ ነበር... ሌላ ምን ማለት ይሆናል?»

«አባቴ፣ እኔ ግንበኛ ነኝ» አለ ታላቅዬው። «እኔ የማውቀው ትንፋሽ አንድ ነው። በድንጋይ ላይ ያለው ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ የቀደሙት። አንዲት ቃል ከሽማግሌው አፍ ወጣች፤ በግንበኛው ጆሮ ገባች፤ በመካከሏም ይህ ሁሉ ሰው አለቀ። ትንፋሾቹ ባይደፈኑ ኖሮ ይተርፉ ነበርን? በሩ ተዘግቷል፤ መውረጃው ተደርምሷል፤ በቀዳዳው ቢጣሩም የሚሰማቸው የጠላት ወታደር ነው። ይህን የሚያውቅ የለም። ታላቅ ወንድምየው ግን ለራሱ ይህን ምሕረት አላደረገለትም፤ አበምኔቱም እንደዚሁ።

«ለሕዝቡ እናገራለሁ» አሉ አበምኔቱ በትራቸውን እየፈለጉ። «በኔ ቃል ነው የሞቱት። እኔ እጠየቅበታለሁ።»

«የርስዎን ቃል የሰማ የለም፤ የሚያዩት የኔን እጅ ነው» አለ ታላቅዬው። «ልጆቻቸው ናቸው፤ ይገድሉኛል። ይግደሉኝ። ሁለት ዓመት ሲጠብቁ የከረሙት በኔ አፍ ነው።»

ወሬ ግን አበምኔት አይጠብቅም። ሠራተኛው መጥቶ የተፈለፈለውን ግድግዳ አይቷል፤ ፀሐይ ከፍ ሳትል ከተማው ኮረብታውን ወጣ። የወለሉ ድንጋይ ተነሣ፤ ውሃው ተቀዳ፤ አስከሬኖቹም አንድ በአንድ እየወጡ በግቢው በተነጠፈው ሸራ ላይ ተጋደሙ። ስለዚያ ቀን ለቅሶ አልጽፍም፤ የሚጻፍ አይደለም። እናቶቹ ልጆቻቸውን በልብሳቸው ጥለት፤ በአዝራራቸው፤ በሠፉላቸው ክር ለዩአቸው። ለቅሶው ሲደክም ደግሞ የለቅሶ ታናሽ ወንድም የሆነው ቁጣ ተነሣ፤ ወንዶቹም ድንጋይ በእጃቸው ይዘው እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ።

ሻለቃው ወታደሮቹን አስከትሎ ደረሰ። ይህን ጊዜ ከፈረሱ ወረደ። የተፈለፈለውን ልስን ቁራጭ ከፍ አድርጎ ይዞ፦

«ይሄ ከውጭ የተደፈነ ነው» አለ። «ማን ነው የደፈነው?»

 ታላቅ ወንድምየው ራሱን ደፍቶ በግድግዳው ሥር ቆሟል። አበምኔቱ ለመናገር ወደ ፊት ቢሉ ሁለት መነኮሳት ሐዘን የጣላቸው መስሏቸው ደግፈው አስቀመጧቸው። ሻለቃው ወደ ቱምቢ ዞረ።

«አለቃ፣ አንተ የግንብ ሰው ነህ። አንተ ደግሞ እንደማትዋሽ ከተማው ሁሉ ይመሰክራል። የማን ሥራ ነው?»

ቱምቢ አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ሙሉ እውነት መናገር ለእሱ ከመቆም የሚቀል ነገር ነበር፤ አሁን ግን ምላሱ እንደ ደረቀ ኖራ ተጣበቀበት። ወንድሙን አየ፤ ድንጋይ የያዙትን ሰዎች አየ። ‹እኔ› የሚለው ሐሰትም፤ ‹እሱ› የሚለው እውነትም ከአንደበቱ አልወጣ አለ።

በዚህ መካከል እናቱ ከሸራው አጠገብ ተነሣች። የሚጣን መቀነት በእጇ ጠቅልላ ይዛለች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ወደ ሻለቃው ሄደችና ሳትጠይቅ ቁራጩን ከእጁ ተቀበለች። ገለበጠችው። አውራ ጣቷን በፈሩ ውስጥ አሳረፈች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍም ዞረችበት። ይህች ሴት የግንበኛ ሚስት፤ የሁለት ግንበኞችም እናት ነበረች፤ የቤቷ ግድግዳ ጠርዝ ሁሉ በዚህ አኳኋን የተዘጋ ነው። ፊቷ አልተለወጠም። ከዚያ ዓይኗን ከቁራጩ አንሥታ ታላቅ ልጇን አየችው፤ እሱም ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ።

«ይሄን እጅ አውቀዋለሁ» አለች።

ማንም አልተነፈሰም።

«የጠላት እጅ ነው።»

ቁራጩንም በግቢው ድንጋይ ላይ ወረወረችው፤ ደቀቀ።

ሕዝቡ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። እናት ናት፤ ልጇ በሸራው ላይ ተጋድማለች፤ የምትዋሽበት ምን ምክንያት አላት? በእጃቸው የነበረው ድንጋይ አንድ በአንድ መሬት ላይ ወደቀ፤ እርግማኑም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሄደው ጦር ዞረ። ሻለቃው ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ መልስ ከሁሉ ይልቅ ለመታሰቢያው ቀን የሚስማማ ነበርና። አበምኔቱ «ልጆቼ፣ ልጆቼ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ ይህንንም ሰው ሁሉ ሐዘን ነው ብሎ ተረጎመው። በዚያው ወር ሹመታቸውን ትተው ወደ በዓታቸው ገቡ፤ እስኪሞቱም ድረስ ከሰው ጋር አልተነጋገሩም።

የሰሜኑ ትንፋሾች ሁሉ ተከፈቱ። መውረጃው ተጠገነ፤ ሲሚንቶው ወደ መጣበት ተመለሰ። ግድግዳው ለመድረቅ ጊዜ ፈጀ፤ በደረቀም ጊዜ ከቅዱሳኑ ከወገብ በታች የተረፈ አልነበረም፤ ዛሬም ድረስ እግር የሌላቸው ቅዱሳን ናቸው። ገዢው በመታሰቢያው ቀን ከእነዚሁ ቅዱሳን ሥር ቆመው ስለ ጠላት ጭካኔ ረጅም ንግግር አደረጉ።

እናትየው ታላቅ ልጇን ከቤት አላስወጣችም። ሲመጣ ታበላዋለች፤ ሲታመም ታስታምመዋለች፤ ልብሱን ታጥባለች። ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ «ልጄ» ብላ አልጠራችውም፤ በስሙም አልጠራችውም። አንድ ጊዜ ቱምቢ ብቻዋን አግኝቷት፦

«እማዬ፣ ይቅር በይው። ቃሉን አሳስቶ ነው የሰማው» አላት።

«መደፈኑንማ ይቅር ካልኩት ቆየሁ» አለች። «ሲፈራ ነው ያደረገው፤ ሰው ሲፈራ ይሳሳታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በር በሩን ሳይ እያየኝ ዝም ያለውን ግን ከየት አምጥቼ ይቅር ልበለው?»

 ከዚያ ወዲህ ሰው በቅጽል ስሙ ሲጠራው ቀና ብሎ አቤት ለማለት ይከብደው ጀመር።

በገዳሙ ግቢ፤ በሰሜኑ ግድግዳ ትይዩ፤ የመቃብር ድንጋይ እንዲቆም ገዢው አዘዙ፤ ጽሕፈቱንም እንዲቀርጽ የታዘዘው ቱምቢ ራሱ ነበር። «በዚህ ስፍራ በጠላት እጅ በግፍ ያለቁ ሴቶችና ሕፃናት ዐርፈዋል» ብሎ ቀረጸ፤ ፊደሎቹም የፀጉር ያህል እንኳ ያልተዛነፉ ናቸው። በኋላ ዘመን የጦርነቱን ታሪክ የጻፈ አንድ ሊቅ መጥቶ ይህንኑ ገለበጠ፤ ከእሱም ሌሎች ገለበጡ፤ የትምህርት ቤት ልጆችም አነበቡት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለንጋቱ እውነት ነው። ጠላትም በዚያ አገር ያላደረገው ክፋት አልነበረምና፤ አንድ ተጨማሪ ቢጻፍበት ተበደልኩ ብሎ የሚከራከር አልመጣም። ታላቅ ወንድምየው ግን ሽማግሌ ሆኖ እስኪሞት ድረስ ጠዋት ጠዋት በዚያ ድንጋይ ፊት ይቆም ነበር። መንገደኞች የሚጸልይ ይመስላቸዋል። እሱ ግን «ጠላት» የምትለዋን አንዲቱን ቃል ብቻ በጣቱ እየተከተለ ያነብ ነበር፤ ከሰው ሁሉ መካከል በዚያ ድንጋይ ላይ ስሙ የተጻፈው የእሱ ብቻ እንደሆነ፤ ያወጣችለትም እናቱ እንደሆነች ያውቅ ነበርና።